በመሪጌታ ጥምጣም ውስጥ የተገኘው ፈረንጅ

የአገሬ ሰው ጠርጣራ ነው ይባላል። ጠርጣራስ ጠርጣራ ነው፤ የሚጠረጥረው ግን የማይጠረጠረውን እየመረጠ ነው። ቡሬ ገበያ ወርዶ በርበሬ ሲገዛ ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን አያምንም። እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ ከሥር መዝዞ፣ ሰብሮ፣ ፍሬውን አይቶ፣ አሽትቶ፣ ሁለቴ አስነጥሶ ነው ዋጋ የሚጠራው። ይኸው ሰውዬ ግን ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሲሰጡት ምን እንደተጻፈበት ሳይጠይቅ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ይከተዋል። ማኅተሙ ሐምራዊ ከሆነ ያከብረዋል። ሥዕል ካለበት ይፈራዋል። ሥዕሉ ቀይ ቀለም ካለውና ቀለሙም ከኮምፒውተር ውስጥ ከወጣ፣ በቃ፣ እጁን ይሰጣል።

እናንተም ከዚህ የተሻላችሁ አይምሰላችሁ።

አነጋገሬ መረር ካለ ታገሡኝ፤ የመረረኝ በምክንያት ነው፤ ምክንያቱንም ልነግራችሁ ነው። ከዚያ በፊት ግን ጥቂት ነገር ላስረዳ። ማስረዳት እወዳለሁ። እህቴ ይመኙሻል ስለኔ ሲጠይቋት "እሱን ምሳ በላህ ወይ ብላችሁ አትጠይቁት፤ ከጤፉ አዘራር ነው የሚጀምረው" ትላለች። እውነቷን ነው። ቢሆንም የጤፉን አዘራር ያላወቀ ሰው እንጀራው ላይ ሊፈርድ አይገባም እላለሁ።

ያኔ ፍኖተ ሰላም ከመናኸሪያው ከፍ ብላ ባለች የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም፤ ነጥብ አልመጣልኝም። የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ሰው ከሚያመጣው ፍላሽ ነው። ሰዎች ቫይረስ አጽዳልን ብለው ይሰጡኛል፤ አጸዳለሁ፤ እያጸዳሁም ውስጡን እጎበኛለሁ። ነውር መሆኑን አውቃለሁ። የኔ ዩኒቨርሲቲ ግን ያ ነበር፤ የመግቢያ ፈተናም የለው። በአንዱ ክረምት ባሕር ዳር ሕክምና የሚማር ልጅ ፍላሹን ጥሎልኝ ሄደ፤ ውስጡ የአንጎል ሥዕል መተንተኛ ፕሮግራም አገኘሁ። በነጻ የሚታደል ነው። ማብራሪያው በእንግሊዝኛ ሦስት መቶ ገጽ ያህል ነበር። መዝገበ ቃላት ይዤ ገባሁበት፤ ዝናቡ ሲያባራ ወጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትልቅ ማግኔት ያለው ማሽን አለ፤ ኤምአርአይ ይሉታል። ታማሚው ዳቦ ወደ ምድጃ እንደሚገባ ተጋድሞ ይገባል። ማሽኑም ሳይቆርጠው ይቆርጠዋል፤ ድፎ ዳቦ በስሱ እየተቆረሰ እንደሚደረደር፣ ጭንቅላቱን በሥዕል ስስ ስስ አድርጎ ለኮምፒውተር ይሰጠዋል። ፕሮግራሙ ቁራሹን መልሶ ይገጥመውና ከላይ፣ ከጎን፣ ከፊት እያዟዟረ ያሳያችኋል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር ግራጫ ነው። አንጎል ቀለም የለውም፤ ስታዩት የተቀቀለ አደንጓሬ ነው።

ቀዩ የሚመጣው ከሒሳብ ነው። ሰውየው ሲያስብ የተነሣው ሥዕልና ዝም ብሎ ተኝቶ የተነሣው ይነጻጸራሉ፤ ልዩነቱ በቁጥር ይወጣል፤ ከዚህ ቁጥር በላይ የሆነውን ቀይ ቀባልኝ ትሉታላችሁ፤ ይቀባላችኋል። ያን ቁጥር የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። የምትንሸራተት አንዲት መቆጣጠሪያ አለች። ወደዚህ ስትገፏት አንጎሉ በርበሬ የተሰጣበት ግቢ ይመስላል፤ ወደዚያ ስትገፏት አንዲት ዛላ አትቀርም። ሊቃውንቱ ቁጥሩን በሥርዓት ይመርጣሉ፤ ለምን እንደመረጡትም ይጽፋሉ። ሥርዓቱን የማያውቅ፣ ወይም እያወቀ የማያፍር፣ ዓይን የሚማርክበት ቦታ ላይ ያቆማታል።

ደግሞ ፕሮግራሙ ለመለማመጃ አንድ አንጎል አብሮት ይመጣል። የማን እንደሆነ አልተጻፈም። እኔ ፈረንጅ ነው ብያለሁ፤ ከፈረንጅ አገር በመጣ ፕሮግራም ውስጥ የኛ ሰው ምን ሊሠራ ይገባል? ሥዕሉ ላይ አፍንጫው ጭምር ይታያል፤ አፍንጫው ወደ አንድ ጎን የተጣመመ ነው። ያን ክረምት ከሰው ሁሉ በላይ አብሬው የኖርሁት ከዚህ ሰውዬ ጋር ነው። መንገድ ላይ ባገኘው ሰላም እለዋለሁ፤ ያንን አፍንጫ ከሺህ አፍንጫ መካከል እለየዋለሁ።

አንዲት ነገር ልጨምርና ልተዋችሁ። ሐኪም ታማሚውን የሚያየው ፊት ለፊት ቆሞ ነው፤ ስለዚህ የታማሚው ቀኝ ለሐኪሙ በግራ በኩል ይውላል። ሌሎች ደግሞ ከኋላ እንደቆሙ ሆነው ማየት ይወዳሉ፤ ቀኝ በቀኝ፣ ግራ በግራ። ፕሮግራሙ ሁለቱንም እንዲያስደስት አንዲት ቁልፍ ተደርጎለታል። ስትጫኗት ሥዕሉ ይገለበጣል፤ የፈረንጁ አፍንጫ ወደ ግራ የነበረው ወደ ቀኝ ይዞራል። ይህችን ቁልፍ አደራ። ኋላ እንፈልጋታለን።

አሁን ወደ ነገሬ።

አገራችን ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ይመኙሻል ያን ዓመት ዐሥረኛ ክፍልን በጥሩ ነጥብ አልፋ ለመሰናዶ ተመድባ ነበር። መሰናዶ የሚገባ ልጅ የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም ማኅበራዊ ሳይንስ ብሎ ይመርጣል። ቅጽ አለው፤ ቅጹ ላይ ወላጅ የሚፈርምበት መስመር አለ፤ የመመለሻው ቀን ዓርብ ነበር። እሷ ምርጫዋን የጨረሰችው ግን ገና በልጅነቷ ነው። መርዓዊ አጠገብ ያለችው አክስታችን ዘንድ ሄዳ ሳለ ቆጋ ላይ ቦይ ሲቀየስ አየች። ከቀያሾቹ አንዷ ሴት ነበረች። በሦስት እግር የቆመ መነጽር ውስጥ እያየች፣ በዕድሜ አባቷ የሚሆኑትን ወንዶች በእጇ "ወደዚያ፣ ትንሽ ወደዚህ፣ በቃ እዚያው" ትላቸዋለች፤ እነሱም እሺ ይላሉ። ይመኙሻል ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አልተመኘችም።

አባቴ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ሒሳብ ሴት ልጅን ይከብዳታል የሚል ወሬ ከየት እንደሰማ ሳያውቀው ሰምቷል። "ወድቃ ከምትመለስ የማይጥላትን ትያዝ" ይላል ቅጹን እያገላበጠ። አልፈርምም አላለም። እፈርማለሁም አላለም።

እንዲህ እያለ ነው ባለ ላፕቶፑ የመጣው።

ሰው ሁሉ ዶክተር ይለው ነበር፤ እኔ አልለውም። ከረባት ያሰረ፣ በጥሩ አማርኛ መሀል የእንግሊዝኛ ቃል እንደ ጨው ጣል ጣል የሚያደርግ ሰው ነው። ከአዲስ አበባ መጣሁ አለ። የተማሪዎችን አንጎል በኮምፒውተር አንሥቶ ለየትኛው ትምህርት እንደተፈጠሩ ይናገራል ተባለ፤ ለአንድ ራስ የአንድ ዶሮ ዋጋ። ማክሰኞ ከሰዓት ወላጆች በአንድ ለአምስት አደረጃጀታቸው በኩል ተጠርተው ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ገቡ። ግማሹ ስለ ማዳበሪያ መስሎት ነው የመጣው። እኔም ለዘመን መለወጫ ፈቃድ ወስጄ ቤተሰብ ዘንድ ነበርሁና ከኋላ ቆምሁ።

ሰውየው ላፕቶፑን ከፕላዝማው ጋር አገናኘው። ያ ፕላዝማ በደኅናው ቀን ተማሪ ጽፎ ሳይጨርስ ገጹን የሚገልጥ፣ ጥያቄ ጠይቆ ራሱ የሚመልስ አስተማሪ ነበር፤ ከተበላሸ ሁለት ዓመቱ ነው። ያን ቀን ሲበራ ጊዜ ሰው ገና ምንም ሳያይ ግማሹን አመነ። ቀጥሎ ሽቦ የተንጠለጠለበት የላስቲክ ቆብ አወጣ። ሽቦውን በዓይኔ ተከተልሁት፤ የሄደው ወደ ጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ነው። ያ ቀዳዳ ድምፅ የሚወጣበት ነው፤ አንጎል አይገባበትም። እስቲ ልየው አልሁ።

ሰውየው ብልጥ ነው። መጀመሪያ ከልጆቹ አልጀመረም። ከፊት የተቀመጡትን መሪጌታ ልሳነወርቅን "አባታችን ይባርኩልንና በእርስዎ እንጀምር" አላቸው። መሪጌታ የደብራችን የቅኔ መምህር ናቸው። የሚናገሩትን ሰው ወዲያው አይረዳውም፤ በሦስተኛው ቀን እርሻ ላይ ሳለ ይገባውና ሞፈሩን ይዞ ብቻውን ይስቃል፤ ወይም ብቻውን ይቆጣል።

"ጥምጣምዎን ቢያወልቁልኝ" አላቸው ሰውየው።

"ጥምጣሜን የማወልቀው ስተኛ ነው" አሉ መሪጌታ። "እዚህ ደግሞ ልተኛ አልመጣሁም።"

አዳራሹ ሳቀ። ሰውየው ቆቡን በጥምጣሙ ላይ ለጥጦ አደረገው። የመሪጌታ ጥምጣም ስንት ክንድ እንደሆነ አላውቅም፤ ሲታጠብ አጥሩን ከዳር እስከ ዳር ይይዘዋል። ቆቡ በዚያ ሁሉ ጨርቅ ጫፍ ላይ የወፍ ጎጆ መስሎ ተቀመጠ። ሰውየው አንድ ቁልፍ ነካ፤ ፕላዝማው ላይ አንጎል ወጣ።

ደነገጥሁ። አንጎሉን አውቀዋለሁ። ያ የክረምት ወዳጄ፣ ባለ ጠማማ አፍንጫው ፈረንጅ፣ በመሪጌታ ልሳነወርቅ ጥምጣም ውስጥ ተቀምጦ ያየኛል።

በቀኝ በኩል ቀይ ተቀብቷል። "በቀኝ ያለው ቋንቋ ነው፤ ጥበብ ነው" አለ ሰውየው። "ያባታችን ቅኔ ይኸው በዓይን ሲታይ።"

መሪጌታ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። "አፍንጫዬ ይህን ያህል ሆኗል እንዴ?" አሉ።

"የውስጥ አፍንጫ ነው አባቴ። የውስጥ አፍንጫ ከውጭው ይለያል።"

እንዲህ ያለ መልስ የሚሰጥ ሰው ፊት የሦስት መቶ ገጽ ማብራሪያ ምን ያደርጋል?

ከዚያ ልጆቹ ተራ በተራ ቀረቡ። ወንድ ልጅ ሲቀርብ ቀዩ በግራ ይወጣል። "በግራ ያለው ሒሳብ ነው፤ ተፈጥሮ ሳይንስ" ይላል፤ አባት ደረቱን ይነፋል። ሴት ልጅ ስትቀርብ ቀዩ በቀኝ ይወጣል፤ "ቋንቋ፤ ማኅበራዊ ሳይንስ"፤ አባት "እኔስ ብዬ ነበር" ይላል። እኔ የማየው አፍንጫውን ነው። ለወንዶቹ ወደ ግራ ይጣመማል፤ ለሴቶቹ ወደ ቀኝ። አንድ አንጎል፣ አንዲት ቁልፍ። ሰውየው የልጆቹን ራስ አንድም ጊዜ አላነበበም፤ ያነበበው የአባቶቻቸውን ፊት ነው። እሱን ደግሞ፣ ሐቁን ልናገር፣ አሳምሮ ነው ያነበበው። አባቶቹም ዶሯቸውን የሰጡት ስለ ልጆቻቸው የማያውቁትን ለመስማት አልነበረም። ድሮም የሚያስቡትን ቀለም ተቀብቶ ለማየት ነው። እንዲህ ዓይነት ገበያ ከስሮ አያውቅም።

የይመኙሻል ተራ ሲደርስ አላስቻለኝምና ተነሣሁ።

"ይቅርታ" አልሁ። "ቆቡ ያንን ሁሉ ጥምጣም አልፎ የመሪጌታን አንጎል እንዴት አየ? ፀጉር ብቻ እንኳ የሚያስቸግረው መሣሪያ ነው። ይህ ሥዕል ፕሮግራሙ ውስጥ ለመለማመጃ የተቀመጠ ነው፤ የማንም ልጅ አይደለም።" ይህን ብዬ ባቆም ጥሩ ነበር። አላቆምሁም። ስለ ማግኔቱ፣ ስለ ድፎ ዳቦው፣ ስለምትንሸራተተው መቆጣጠሪያ ቀጠልሁ። ከኋላ ሁለት ሰው ጎማ ጫማውን ተጫምቶ ወጣ።

ጎረቤታችን ጋሼ አንማው ነው ያቋረጠኝ። ልጁ ሙሉሰው አሁን ገና ተፈጥሮ ሳይንስ ተብሎለት ደስ ብሎት ተቀምጧል። "ስማ አንተ" አለኝ፣ "ያን የሚያህል ጥምጣም ሰንጥቆ ያየ መሣሪያ የልጆቻችንን ባዶ ራስ ማየት ይሳነዋል?"

አዳራሹ ፈነዳ። ማጋለጫዬ ምስክር ሆነለት። ባለ ላፕቶፑ ራሱ ይህን መልስ አላሰበውም ነበር፤ ሲሰማው ግን ወዲያው ወደደው። "ጥሩ ጥያቄ ነው" አለ በትሕትና። "መሣሪያው ጨርቅ አያግደውም።"

"ተቀመጥ" አለኝ አባቴ ሳያየኝ። "ፎቶ ኮፒ ስታነሣ ውለህ ሰው ታሳፍራለህ።"

ወደ መሪጌታ ዞርሁ። እሳቸው ጥምጣማቸውን ያስተካክላሉ።

ይመኙሻል ቀረበች። ፈረንጁ ወደ ቀኝ ዞረ። "ለሒሳብ የሚሆነው ጎኗ ጨለማ ነው" አለ ሰውየው፤ ሥዕሉን በቀለም አትሞ፣ በላስቲክ አሽጎ፣ ለአባቴ በሁለት እጁ ሰጠው። አባቴም በሁለት እጁ ተቀበለ።

ማታ ሥዕሉ ግድግዳው ላይ ተሰካ። ይመኙሻል ፊት ለፊቱ ቆማ ብዙ አየችው።

"አፍንጫዬ ጠማማ ነው?" አለችኝ።

"አይደለም።"

"እንግዲያ ይህ የኔ ራስ አይደለማ።" እኔ በሃያ ደቂቃ ያላስረዳሁትን እሷ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። "ለአባባ ንገርልኝ።"

"አዳራሹ ውስጥ ነግሬው የለም?"

"አንተ ስትናገር ሰው ይደክመዋል። አንተ የምታውቀውን ተወው፤ እሱ በሚያውቀው ንገረው። እስከ ዓርብ ነው ያለኝ።" አላለቀሰችም። ቅጹን አጣጥፋ ትራሷ ሥር አደረገችው።

ሐሙስ ጧት አባቴ የሽምብራውን ማሳ ሊያርስ በሬዎቹን ጠምዶ ሳለ ደረስሁበት። አንተ ስለ በሬ ምን ታውቃለህ የምትሉኝ ትኖራላችሁ፤ ይህንን ያህል ግን የገበሬ ልጅ ሁሉ ያውቃል። በሬ ሲገራ በአንድ ወገን ነው የሚለምደው፤ የቀኝ በሬ የቀኝ ነው፣ የግራ በሬ የግራ ነው። ቢለዋውጧቸው ቀንበር ይሰብራሉ። ከበሬዎቹ ፊት ሄጄ ቆምሁ።

"አባባ፣ ቦራ በየት በኩል ነው የሚጠመደው?"

"በቀኝ ነዋ። ዛሬ ነው የምታውቀው?"

"እኔ ከፊታቸው ቆሜያለሁ። ቦራ ለኔ በየት በኩል ነው ያለ?"

አባቴ ጅራፉን አወረደ። "ባንተ በግራ።"

"ያ ሰውዬ ያነሣው ሥዕል ከፊት የታየ ነው። ቀኝ ያላችሁ ከፊት ቆሞ ነው።"

ቦራ ጅራቱን ወረወረ። አባቴ ቀስ ብሎ ከእርፉ ተለየና መጥቶ አጠገቤ ቆመ፤ ከፊት በሬዎቹን ተመለከተ፤ ተመልሶ ሄዶ ከኋላ ተመለከተ። ዕድሜውን ሁሉ ከኋላ ብቻ ነው ያያቸው።

"በሬ ገበያ ላይ አላዋቂ ሰው እንዲሁ ነው የሚታለል" አለ። "ከፊት ቆሞ ቀኝ ነው ብሎ የግራውን ገዝቶ ይሄዳል። እና ቀዩ…"

"በግራ ነው።"

"ሒሳብ በግራ ነው አይደል ያለው?"

"በግራ ነው ያለው እሱ።"

"እና የተማረ ሰው ሆኖ ይኼን ያህል አያውቅም?" አለ አባቴ በንቀት። ዓርብ ጧት ቅጹን ፈረመ። ይመኙሻል ተፈጥሮ ሳይንስ።

እንግዲህ ልብ በሉ፣ የተናገርሁት ሐሰት አይደለም። ሥዕል ከፊት ሲታይ ቀኝና ግራ መለዋወጡ ማብራሪያው ላይ የተጻፈ እውነት ነው። የፈረንጅ አንጎል መሆኑን ብቻ ነው የዘለልሁት። ለሁለት ቀን ያህል ራሴን እንደ ታላቅ ሰው ቆጠርሁት።

ቅዳሜ አባቴ ቡሬ ገበያ ወረደ። ሸጋ ነገር የተማረ ሰው ዝም ብሎ አይመለስም፤ ለጋሼ አንማው ስለ በሬው ነገረው። ሰኞ እኔ ፍኖተ ሰላም ሥራዬ ላይ ሳለሁ ሙሉሰው ገባ። ሙሉሰው ከይመኙሻል ጋር አንድ ክፍል የተማረ ልጅ ነው፤ የአገሩን የተበላሸ ራዲዮ ሁሉ ፈትቶ የሚገጥመው እሱ ነው፤ ከኤሌክትሪክ ሌላ ነገር ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። አልተቀመጠም።

"ምን በድዬህ ነው?" አለኝ።

አባቱ ቅጹን ሊያስለውጥ ነው። ሥዕሉ ከፊት ከሆነ የሙሉሰው ቀይ በግራ የተባለው በቀኝ ነው፤ በቀኝ ከሆነ ደግሞ ቋንቋ ነው። ትምህርት ቤቱ ለማስተካከያ እስከ ረቡዕ ጊዜ ሰጥቷል።

በማግሥቱ ጧት ወደ አገር ቤት ገሠገሥሁ። ጋሼ አንማውን ደጁ ላይ አገኘሁት። ሥዕሉ ውሸት ነው አልሁት፤ ከፊትም ውሸት፣ ከኋላም ውሸት። በረጋ መንፈስ ሰማኝ።

"የእህትህ ሲሆን ከፊት ይታያል" አለኝ። "የኔ ልጅ ሲሆን ውሸት ነው።"

ምን ትመልሱለታላችሁ? እኔ "ነገ ፍኖተ ሰላም ይምጡና በዓይንዎ ይዩት" ብቻ አልሁት።

ስመለስ መሪጌታን መንገድ ላይ አገኘኋቸው፤ ብሶቴንም አወጣሁት። "መሪጌታ፣ አንቱ ያ ሰውዬ አታላይ መሆኑን እያወቁ ለምን ዝም አሉ?"

"እኔማ ጥምጣሜን አላወለቅሁለትም" አሉ። "ከዚህ በላይ ምን ልናገር?" ጥቂት ሄዱና ቆሙ። "አንተም ቢሆን ውሸቱን አላፈረስኸውም። በሬ ነው የቀየርህለት።"

ረቡዕ ጋሼ አንማው ሥዕሉን በነጠላው ጠቅልሎ መጣ። ኮምፒውተሩን ከፈትሁ፣ ፕሮግራሙን ከፈትሁ፣ ፈረንጁን አወጣሁት። "ይኸው ጋሼ" አልሁ፣ "ቆብ የለ፣ ሽቦ የለ፣ ሙሉሰውም እዚህ የለ። አንጎሉ ግን ይኸው።"

የያዘውን ሥዕል ከስክሪኑ አጠገብ አድርጎ አስተያየ። አፍንጫውን በጣቱ ተከተለው። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁና ገባው ብዬ ደስ አለኝ።

"ልጄን ሳታስፈቅድ ለምን ቀድተህ አስቀረኸው?" አለኝ።

ሰዓቱን አየሁ። አምስት ሰዓት ሊሆን ነው። ቅጹ ኪሱ ውስጥ ነው፤ የሽንዲ መኪና ከሰዓት በፊት ይነሣል። እውነቱን ለማስረዳት አንድ ዓመት ያስፈልገኛል። ሙሉሰው ያለው ግን ግማሽ ቀን ነው።

ቁልፏን ተጫንሁ። አደራ ያልኋችሁን። ስክሪኑ ላይ ያለው አፍንጫ ወደ ቀኝ ዞረ።

"ጋሼ አንማው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልሁ። "እኔ ነኝ የተሳሳትሁ። የይመኙሻል አፍንጫ ወዴት ነው የተጣመመው? ወደ ቀኝ። የሙሉሰውስ?"

ሥዕሉን አየ። "ወደ ግራ።"

"እንግዲህ ሴቶቹን ከፊት፣ ወንዶቹን ከኋላ ነው ያነሣቸው። ከኋላ ከሆነ ግራው ግራ ነው።"

ጋሼ አንማው ረጅም ትንፋሽ አወጣ። ቤት የተወው የልጁ ዓይን እሱንም ሳያሳዝነው አልቀረም። "ይኸው፣ እንዲህ ብለህ በአንድ ቃል ብትነግረኝ ኖሮ" አለ። የሁለቱ ልጆች አፍንጫ ለምን አንድ ሆነ ብሎ አልጠየቀኝም። እርግጠኛ ለመሆን ግን የልጄን እንደ አዲስ አትመህ ስጠኝ አለ። ቁልፏን መልሼ ተጭኜ አተምሁለት። በላስቲክ አሽገው አለ። አሸግሁለት። በሁለት እጄ ሰጠሁት።

እንደኔ ስሌት ከሄድን የአገሩ ልጅ ሁሉ ቀዩ በግራ ነው፤ ሁሉም መሐንዲስ። መሪጌታ ልሳነወርቅም ጭምር።

ሁለቱ ልጆች መሰናዶውን በአንድ ክፍል ጀመሩ። ይመኙሻል በሒሳብ ከሙሉሰው ትበልጣለች፤ እሱ በፊዚክስ ይበልጣታል፤ በዚህ ይጨቃጨቃሉ። ባለ ላፕቶፑ ወደ ሌላ አገር አልፏል አሉ። እኔ ግን እዚሁ ነኝና ሥዕሉን ይዞ የሚመጣው ሰው ወደኔ ነው የሚመጣው። ከፊት ነው ከኋላ? ይሉኛል። ልጅህ ምን መማር ይወዳል ብዬ እጠይቃለሁ፤ መልሱን ሰምቼ ቁልፏን እጫናለሁ ወይም እተዋታለሁ። ክፍያ አልቀበልም። በዚህ ከዚያ ሰውዬ እለያለሁ ብዬ ነበር። ባለፈው ግን አንዷ እናት ከበር "ዶክተር አለ?" ስትል ቀና ብዬ "አቤት" አልሁ።

በሳምንቱ አባቴ ለገበያ መጥቶ ጎራ አለ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ስክሪኑ ላይ ያለውን ፈረንጅ እያየ "መሪጌታ ሰላም ብለውሃል" አለኝ።

"እግዜር ይስጥልኝ።"

"መልእክትም አላቸው። 'ያ ልጅ መሣሪያ ተክሏል አሉ፤ ጥምጣሜን ሳላወልቅ ያየኝ እንደሆነ ጠይቅልኝ' ብለዋል። ምን ልበላቸው?"

አባቴ የምሩን ነው የጠየቀኝ። የሳቸው ነገር ሰው እስኪገባው ሦስት ቀን ይፈጃል ብያችሁ ነበር። እኔ ላይ አፍታም አልፈጀም።